ከማኅተሙ በፊት፦ የዲጂታል ሚዲያ አሳታሚዎችን በማኅበር ስናደራጅ ያየሁት

ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅማ የሚጽፉልኝ የዲጂታል ሚዲያ ባለቤቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «እህታችን፣ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ብትልኪልን» ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የድረ ገጽና የቴሌግራም ዜና አሳታሚዎችን ያሰባሰበው አደራጅ ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ደንቡ በእጄ አለ፤ ለጠየቀ ሁሉም እልካለሁ። ነገር ግን ደንብ ብቻውን ማኅበር አያቆምም። ከሌላ ማኅበር ደንብ ወስዶ፣ ስም ለውጦ፣ ማኅተም አስቀርጾ መመዝገብ ለማንም አያቅትም። በዚህ መንገድ ተመሥርተው ከምሥረታው ዕለት ፎቶግራፍ በቀር ምንም ሳይተዉ የጠፉ ማኅበራትን አውቃለሁ። ስለዚህ ከደንቡ ጋር ልልክላችሁ የሚገባውን ሌላውን ነገር እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

የፕሬስ ነፃነት ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወደዚህ ሙያ ያመጣኝም እርሱ ነው። ይሁንና በአንባቢና በማስታወቂያ የሚሻሙ ባለቤቶችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጣቸው የዶላር ዋጋ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ከፍ ብሎ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ሥራ ወጪ ደግሞ አብዛኛው በዶላር ነው። የሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ኪራይ፣ የድረ ገጽ ስም እድሳት፣ የፎቶግራፍና የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር፣ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ ይከፈላሉ። የማስታወቂያ ገቢው በብር ነው፤ እርሱም ከወራት በፊት በተፈረመ ውል የታሰረ። ያን ሰሞን ስልክ ተደዋውለው የማያውቁ ሰዎች መደዋወል ጀመሩ። «ሰርቨራችሁ ከየት ነው? በየትኛው ካርድ ነው የምትከፍሉት?» መባባል ሆነ። ለካስ ከመካከላችን ብዙዎቹ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለየብቻ እየከፈሉ፣ ለየብቻ ባለሙያ እየቀጠሩ ኖረዋል። ሰፋ ያለ አንድ ሰርቨር በጋራ ተከራይተን፣ አንድ ጥሩ ባለሙያ በጋራ ቀጠርን። እያንዳንዱ አሳታሚ የራሱ መግቢያና የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ የመጠባበቂያ ቅጂውንም ከሰርቨሩ ውጭ በራሱ እጅ ያኖራል። ይህን በውሉ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ አለዚያ አንድ ብልሽት ሁላችሁንም በአንድ ሌሊት ያጠፋችኋል።

ማኅበሩ የተወለደው ያኔ ነው፤ ምዝገባው ከዚያ በኋላ መጣ። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የሁሉንም ኪስ የሚነካ አንድ ችግር ምረጡና በጋራ ፍቱት። አብሮ መሥራት የሚችለውና የማይችለው ሰው በዚያ ሥራ ላይ ይለያል፤ ማንን ለሥራ አስፈጻሚነት እንደምትመርጡም ያኔ ታውቃላችሁ።

የሁላችንም ቁስል የነበረ ሌላም ነገር ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ላይ ገደብ ተጥሎ እስከ ሐምሌ ቆይቷል። አንባቢው በእነዚህ መንገዶች ለሚመጣለት አሳታሚ ያ ወቅት ምን ማለት እንደነበር ለባለሙያው መንገር አያስፈልግም። የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደነበር በቁጥር አስደግፎ ለሚመለከተው አካል ማቅረብ የሚችል አንድም የጋራ መዝገብ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ምሬት ይናገራል፤ ምሬት ደግሞ በስብሰባ አዳራሽ ይደመጣል እንጂ ወደ ፋይል አይገባም። ስለዚህ ማኅበሩ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ አባላቱ በየወሩ የሚሞሉት አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀ። የጎብኚ ብዛት፣ የማስታወቂያ ገቢ በመቶኛ ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ሰዓታት፣ ያልተከፈለ ውዝፍ ይሞሉበታል። የገቢው ትክክለኛ መጠን አይጠየቅም፤ ተፎካካሪ ለተፎካካሪው ገቢውን እንዲያሳይ ማስገደድ ቅጹን ባዶ ያስቀረዋል። ቅጾቹን የሚቀበለውም ከአባላቱ አንዱ ሳይሆን የተቀጠረው የሒሳብ ሠራተኛ ነው።

ወደ አባልነት ጥያቄ ልምጣ። ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይኸው ነበር፤ እናንተም ላይ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ዲጂታል ሚዲያ አሳታሚ ማን ነው? ቤቱ ቁጭ ብሎ በዩቲዩብ ብቻውን የሚተነትን ሰው? ድረ ገጽ ያለው የቴሌቪዥን ጣቢያ? ለድርጅቶች ዜና መሰል ጽሑፍ በክፍያ የሚያዘጋጅ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት? ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ በአማርኛ የሚያሳትም ወገናችን? በመጨረሻ የደረስንበት መስፈርት ይህ ነው። አመልካቹ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 መሠረት በበየነ መረብ መገናኛ ብዙኃንነት የተመዘገበ፣ በስሙ የሚጠራ ኃላፊነት ያለበት ዋና አዘጋጅ ያለው፣ ከሚያሳትመው ውስጥ አብዛኛውን በራሱ ባልደረቦች የሚሠራ መሆን አለበት። የብሮድካስት ጣቢያዎችና የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በታዛቢነት ይጋበዛሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። የሕዝብ ግንኙነት ድርጅቶችን አልተቀበልንም፤ ማስታወቂያ ከሚገዛን ወገን ናቸውና በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር መያዝ አይችሉም። በውጭ አገር ለሚኖሩት ድምፅ የሌለው ተባባሪ አባልነት ከፈትንላቸው፤ አዋጁ የውጭ ዜጎችን የባለቤትነት ድርሻ ስለሚገድብ ዜግነታቸውን የለወጡትን በሙሉ አባልነት መቀበል ለእነርሱም ለማኅበሩም ችግር ሊያመጣ ይችላል።

የዩቲዩብ ገቢን በሚመለከት ሳትሸፋፍኑ ተነጋገሩ። አገር ውስጥ ሆነው የሚሠሩ ብዙ ቻናሎች ገቢያቸው የሚገባው በውጭ በሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ሒሳብ ነው። በወረቀት ባለቤቱ አንድ፣ በተግባር ባለቤቱ ሌላ ይሆናል። ይህ ወንጀለኛ አያደርጋቸውም፤ ግን ክርክር ሲነሣ ማኅበሩ ለማን እንደሚቆም ከወዲሁ መታወቅ አለበት። እኛ አመልካቹ ከዘመዱ ጋር ያለውን ስምምነት በጽሑፍ እንዲያስገባ እንጠይቃለን። ይህን በመጠየቃችን ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድማቸው ጋር ውል የተፈራረሙ አሉ።

ስለ መገልበጥ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የአንድ አመልካች ገጽ በየቀኑ በዜና የተሞላ፣ ተከታዩም የበዛ ነበር። የአባልነት ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ ያለች አንዲት ወጣት አሳታሚ ሁለት ስልኮችን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ በአንዱ የእርሷ ድረ ገጽ፣ በሌላው የአመልካቹ። ስለ አንድ የውኃ መስመር ብልሽት የተጻፈ አጭር ዜና ነው። እርሷ «የረር» ለማለት «የረረ» ብላ የተየበችው የሰፈር ስም በአመልካቹም ገጽ ላይ «የረረ» ተብሎ ተቀምጧል። የእርሷ ሪፖርተር ያነሣው ፎቶግራፍ ታችኛው ጠርዙ ተቆርጧል፤ የድረ ገጿ ስም የነበረው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከመካከላችን ከጋዜጣ ዘመን የመጡ፣ ማተሚያ ቤት ደጅ ያደሩ አንጋፋ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። «ልጆቼ፣ ብታባርሩት ነገም መገልበጡን አይተውም፤ አስገቡትና አስፈርሙት» አሉ። እርሷም «ጋሼ፣ ገብቶ ከገለበጠ ማኅበሩ ገለበጠ ይባላል እኮ፤ እኔ ደግሞ ሪፖርተሬን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?» አለች። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ምንጭ ጠቅሶ ተመጣጣኝ ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል፤ እኛ ያንን ወስደን ለሥራችን በሚመጥን ደንብ አጠበብነው። ከሌላ አባል ዜና ከመጀመሪያው አንቀጽ በላይ አይወሰድም፤ የአሳታሚው ስም በመግቢያው ላይ ይጠቀሳል፤ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚወስድ ማያያዣ ይቀመጣል፤ ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አይነካም። አመልካቹ በዕጩ አባልነት ገባ፤ ፈረመ፤ ሁለት ወጣት ሪፖርተሮች ቀጠረ። ዛሬ ከማንም በላይ ስለ መገልበጥ የሚያመለክተው እርሱ ነው፤ በዚህ እኮራበታለሁ።

ድምፅን በሚመለከት የእኛ ውሳኔ አንድ አሳታሚ አንድ ድምፅ ነው፤ መዋጮው ግን እንደ ገቢው ደረጃ ይለያያል። ትልልቆቹ «ብዙ እየከፈልን እንዴት እኩል ድምፅ?» ማለታቸው አይቀርም። መልሳችን ትልልቆቹ ማኅበር ባይኖርም በራቸውን የሚያንኳኳ ያገኛሉ፤ ትንንሾቹ ግን ከማኅበሩ ሌላ የላቸውም የሚል ነበር። በዚህ ያልተስማሙ ወጥተዋል። መውጣታቸው ቢያሳዝነኝም በዚህ ነጥብ ላይ እንዳትለሳለሱ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ዋጋ። «ዋጋ እናስማማ» የሚለው ሐሳብ በማንኛውም የአሳታሚዎች ስብሰባ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ማስታወቂያ አስነጋሪው ለአንዳችን ይደውልና ድረ ገጽ ላይ ስለሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ ስለ ባነር፣ «እገሌ የአንድ ወሩን በዚህ ዋጋ ሰጥቶኛል» ይላል፤ ዋጋ እናወርዳለን። ከዚያ ለእገሌ ደውሎ የእኛን ይነግረዋል። እንዲህ በየተራ ዋጋ ስናወርድ የሪፖርተር ደመወዝ የማይሸፍን ዋጋ ላይ እንደርሳለን። ስለዚህ በአንዱ ስብሰባ ላይ ዝቅተኛ የባነር ዋጋ እንዲወሰን፣ ከዚያ በታች የሸጠ አባልም እንዲቀጣ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጣለት። በነፃ የምታማክረን የሕግ ባለሙያ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት አስቆመችን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪ ነጋዴዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነት ይከለክላል፤ ማኅበር የሚል ስም ስለተሰጠው አይፈቀድም። «ይህን ብትፈርሙ በራሳችሁ ላይ ማስረጃ ጻፋችሁ ማለት ነው» አለችን። የማይከፍሉ ደንበኞችን በስም ዘርዝረን ሁላችንም እንዳንሸጥላቸው እንስማማ የሚለውም ሐሳብ በዚያው ወደቀ።

ብዙ የነጋዴ ማኅበራት ይህን ሳያውቁ ይገቡበታልና አደራ፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ የሕግ ባለሙያ አጠገባችሁ ይኑር። የተፈቀደው ሜዳም ጠባብ አይደለም። እኛ ሁለት ነገር ሠራን፤ ከማንኛውም የዋጋ ስምምነት በላይ የጠቀሙን እነርሱ ናቸው።

አንደኛው ናሙና ውል ነው። ሁሉም አባል እንደ ፍላጎቱ ይለውጠዋል፤ አያስገድድም። ማስታወቂያው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆይ፣ መውጣቱ ቀንና ሰዓት በሚታይበት የገጽ ምስል እንደሚረጋገጥ፣ ቅድመ ክፍያ እንዳለ፣ ቀሪው በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ የማስታወቂያው ይዘት ክስ ቢያመጣ ማን እንደሚጠየቅ ይዘረዝራል። የሚከፈልበት ጽሑፍ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ሳይደረግበት እንደማይወጣም ይናገራል፤ ይህ በ2004 ዓ.ም. ከወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ጋር ይጣጣማል። ከዚህ በፊት አብዛኞቻችን በስልክ ቃልና በአንድ የቴሌግራም መልእክት ነበር የምንሠራው። ውዝፍ የሚሰበሰበው ውል ሲኖር ነው። ገንዘባቸው የቀረባቸው አባላት አሁን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ማኅበሩ የደብዳቤውን ናሙናና የሕግ ምክሩን ይሰጣል። አንድ ትልቅ ድርጅት ከአባሎቻችን ለአንዱ ከዓመት በላይ ያቆየውን ክፍያ ውሉና የገጹ ምስሎች ተያይዘው በቀረቡለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፍሏል።

ሁለተኛው የጋራ መለኪያ ነው። አስነጋሪዎች የማያምኑን ቁጥራችን ስለሚለያይ ነበር። አንዱ የተከታይ ብዛት ይናገራል፣ አንዱ የገጽ ዕይታ፣ ሌላው ካለፈው ዓመት ምርጡን ወር ይመርጣል። የተከታይ ቁጥር ደግሞ ሊገዛ ይችላል። የተስማማነው በድረ ገጽ ለሁሉም አንድ ዓይነት የመለኪያ መሣሪያና የአንድ ወር ልዩ ጎብኚ (አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቢመለስም አንዴ ብቻ የሚቆጠርበት)፣ በቴሌግራም ደግሞ አንድ ጽሑፍ ከወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያገኘው ዕይታ መካከለኛ ቁጥር ነው። መቶ ሺህ ተከታይ እያለው ጽሑፉ ሦስት ሺህ ሰው እንኳ የማያየው ቻናል አለ፤ ጥቂት ሺህ ተከታይ ይዞ አብዛኛው የሚያነበውም አለ። ይህ መለኪያ ለኋለኛው ፍትሕ አመጣለት። ስለ ግብርና ብቻ የምትጽፍ አንዲት አባላችን የመጀመሪያውን ዓመታዊ የማስታወቂያ ውል ያገኘችው በዚህ መለኪያ ነው።

የምዝገባውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩን በጣም አቅልሎታል። ማኅበር ለመመሥረት አምስትና ከዚያ በላይ አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ይቀርባል። ዓላማችሁ በዋናነት ንግድ ነክ ከሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣውን የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 341ም ከባለሙያ ጋር ተመልከቱት። ስማችሁ በሌላ አለመያዙን ከማኅተም ቀራጩ በፊት አረጋግጡ።

ማኅበሩ ምን እንዳልሆነም ለአባላት መንገር ያስፈልጋል። የሥነ ምግባር ቅሬታ የሚሰማው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት አለ። የጋዜጠኞች የሙያ ማኅበራትም አሉ። የእኛ የባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሪፖርተር በአሠሪው ላይ ቢያመለክት ዳኛ ልንሆን አንችልም። በሌላ በኩል አባላት ያሳተሙትን ሁሉ እንድንከላከልላቸው ይጠብቃሉ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከዚህ ቁጥር በላይ ናቸው። የወሰድነው አቋም ይህ ነው፤ አባሉ ምንጩን አጣርቶ፣ የሌላውን ወገን ሐሳብ ጠይቆ፣ ስሕተት ሲገኝ አርሞ ከሆነ ከጎኑ እንቆማለን፤ ጠበቃ እናፈላልግለታለን። ያን ካላደረገ፣ ቢታሰር ቤተሰቡን ሄደን እንጠይቃለን፤ በማኅበሩ ማኅተም ግን አንጽፍለትም።

ሕግ ሲረቀቅ ማኅበር ያለው ሰው ይደመጣል። ኬንያ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጦማሪያን ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኮምፒውተር ወንጀሎች ሕግ ፍርድ ቤት ወስዶ 26 አንቀጾች ለጊዜው እንዲታገዱ አድርጓል። በ2020 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ሕጉን ቢያጸናውም፣ እገዳው አባላቱ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ እንዲያገኙ ረድቷል። ይህን ማድረግ የቻለው ሕጉ ሲወጣ የተመዘገበ፣ ፋይልና ጠበቃ ያለው አካል አስቀድሞ ስለነበረ ነው። እኛ ዘንድም የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ማሻሻያ ሁልጊዜ ይመጣል። የአባላት ወርሃዊ ቅጽ ያላችሁ እንደሆነ የሕዝብ ውይይት በተጠራ ማግስት ባለ ሁለት ገጽ አስተያየት ማስገባት ትችላላችሁ። ረጅም አትጻፉ። የትኛው አንቀጽ፣ በስንት አሳታሚ ላይ፣ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ፣ በምን ቃል ቢተካ እንደሚሻል ብቻ ጻፉ።

ስለ ረጂ ድርጅቶች ገንዘብ ብዙ እጠየቃለሁ። አዋጅ 1113 ከውጭ ምንጭ ገንዘብ መቀበልን ፈቅዷል፤ የሚሰጡም አሉ። ቢያንስ ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ጊዜ እስኪሰበሰብ ድረስ እንዳትቀበሉ እመክራለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ፕሮጀክት ሲመጣ ጸሕፈት ቤቱ ለአባላት ሳይሆን ለሪፖርት መሥራት ይጀምራል፤ የአባላት መዋጮም ይረሳል። መዋጮ የማይከፍል አባል ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ አይመጣም። እኛ መዋጮውን በየሦስት ወሩ በቴሌብር እንሰበስባለን፤ የከፈሉትና ያልከፈሉት ስም በአባላት ቡድን ውስጥ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላይ ቅሬታ ነበር፤ አሁን ግን ዝርዝሩ አንድ ቀን ሲዘገይ የሚደውሉ አሉ።

የናሙና ውሉንና ወርሃዊ ቅጹን ለሚጠይቅ ሁሉ በነፃ እልካለሁ። ውሉ ሲደርሳችሁ ስለ ታክስና ስለ ደረሰኝ የሚናገረውን አንቀጽ እንዳለ አትውሰዱት፤ በከተማችሁ ያለውን የገቢዎች ቢሮ አሠራር የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ይመልከተው። ቅጹ ላይ ደግሞ ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ሰዓት የሚጠይቀውን መስመር ማንም ቢላችሁ አታውጡት።